የሃያ ሰባት ቁጥር ወረፋ

ሰኞ ጠዋት ውዳላት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። ፊቷን ታጠበች፣ ካደረ ዳቦ ቆርሳ በሻይ በላች፣ ግራጫ ሹራቧን ደረበች፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አንስታ ዘጠና ስድስት ደረጃ ወረደች። አሳንሰሩ ይሠራል። እሷ ግን በእግሯ መውረድ ታዘወትራለች። ጠዋት ጠዋት በየፎቁ ሰዎች የዕለቱን ንግግራቸውን ስለሚለማመዱ ደረጃው ለጆሮ ባዶ አይደለም።

አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ለአለቃው የሚልከውን ይቅርታ ለሦስተኛ ጊዜ ያሳጥራል። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ትንሿን ልጇን ታስጠናለች።

«‹አያቴ፣ ጥርሴ ወለቀ። ናፍቀሽኛል› በይ።»

«አያቴ፣ ጥርሴ ወለቀ። በጣም ናፍቀሽኛል።»

«‹በጣም›ን ተይው። ስትስቂ ታውቀዋለች።»

«መሳቅ እችላለሁ?»

እናትየዋ ትንሽ አሰበች። «አንዴ።»

ዘመኑ 2094 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ኮምቦልቻ፣ ሕንፃ አሥራ አራት። አርባ ቤት አለው። ወደ ቤት ለሚገባው ገደብ የለውም፤ ዘፈኑ፣ ዜናው፣ ማስታወቂያው ቀኑን ሙሉ እንደ ጎርፍ ይገባል። ከቤት የሚወጣው ግን በልክ ነው። እያንዳንዱ ቤት ምድር ቤት ባለው ስዊች፣ የሕንፃው መስመሮች ሁሉ በሚገናኙበት ሣጥን፣ ላይ ፖርት የሚባል አንድ መሰኪያ አለው፤ ፖርቱም የመውጫ ገደብ አለው። ገደቡን ሰዉ «እንስራ» ይለዋል። ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል፤ ሲሞላ ያቆማል፤ ተናግረው ሲጨርሱት እስኪሞላ ይጠበቃል። ከልኩ ያለፈ ንግግር አይጠፋም፤ ፖርቱ ላይ ወረፋ ይይዛል። ፊትን እያሳዩ ለማውራት የአንድ ቀን ጠብታ ሰባት ደቂቃ ይሰጣል። ቢጠራቀም ቢጠራቀም ከአሥራ አራት አያልፍም። ዝምታ ገደብ የለውም።

ስለዚህ ሰው ፊቱን በሚልክበት ግድግዳ ፊት ሲቀመጥ አይወዛወዝም፤ እንቅስቃሴ ምስሉን ያከብደዋል። ጥለት ያለው ልብስም እንደዚያው ነው። ሴቶቹ ባለጥለት ቀሚሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅለው፣ ግራጫ ለብሰው፣ ከጀርባቸው ነጭ አንሶላ ወጥረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ያወራሉ። በዚህ የሚገረም ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ውዳላት የስዊቹ ጠባቂ ናት። በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምራ የወጣችበት ሙያ ይኸው ነው። ክፍሉን ከፈተች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ከአንድ እስከ አርባ ያሉትን መብራቶች አንድ በአንድ አየች። ሠላሳ ዘጠኙ በርተዋል። ሃያ ሰባት ቁጥር ጨለማ ነው። ከጨለማው መብራት ጎን ያለችው ትንሽ መስኮት ግን እንደ ሁልጊዜው «ወረፋ፦ 1» ትላለች። ከሥሯ ደግሞ «4፡11»። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ንግግር። መስኮቷን በአውራ ጣቷ ወልውላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሃያ ሰባት ቁጥር የራሷ ቤት ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባሏ ልሳኑ ከቤት ሆኖ አንድ መልእክት ላከ። ልሳኑ ወሬ ወዳድ ነበርና እንስራው ባዶ ነበር፤ መልእክቱ ከሌሎች ወሬዎቹ ኋላ ወረፋ ያዘ። እኩለ ቀን ላይ ልሳኑ ሞተ፤ ልቡ ነው አሉ። ከቀብር በኋላ ውዳላት ወደ ሥራዋ ስትመለስ መልእክቱ ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት አገኘችው። ለማን እንደተላከ እስኪወጣ ድረስ አይታይም፤ ከፍቶ መስማትም አይቻልም። ከወጣ እሷ ዘንድ ምንም አይቀርም፤ ፖርቱን ዘጋችው። በር ከመዝጋት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ሰባት ቁጥር አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤቶቿ ኀዘን ዝምተኛ አድርጓት ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ በደግነት ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የሦስተኛ ፎቋ ደብሪቱ ናት፤ ነጠላዋ መሬት ይጎትታል።

«ሰላምታ በላን!» አለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሰላምታው፣ ውዳላት! እንስራውን ጥርግ አድርጎ በላው!»

ነገሩ የልጇ የኪሩቤል ሽምግልና ነው። ኪሩቤል ጅማ ሲማር የተዋወቃት ሶልያና የምትኖረው ከቤተሰቦቿ ጋር ጎሬ ነው። ጉዞ በዕጣ ከሆነ ወዲህ ሽማግሌም የሚላከው በግድግዳ ነውና፣ እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ደብሪቱ ቤት ተሰብስበው ነበር።

«ሁለት ቀን አፌን ይዤ!» አለች ደብሪቱ። «የገዛ እህቴ ወልዳ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ሳልላት፣ አሥራ አራቷን ደቂቃ አጠራቅሜ! ጋሽ ይግረም ቆሙ። ‹ደህና ነዎት?› አሉ። የልጅቷ አባት፣ አቶ ዘርጋው፣ ‹ይመስገን› አለ። ‹ልጆች ደህና?› ‹ደህና።› ‹ከብቱስ?› ጎሬ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰውዬ ‹ከብቱስ ደህና ነው ወይ› ብለው ጠየቁት!»

«ምን አለ?»

«‹ይመስገን› አለ፤ ምን ይበል! ሐጂ ሰዒድ ደግሞ ተቀበሉና ዝናቡን ጠየቁ፣ አዝመራውን ጠየቁ፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር አሉ። አቶ መልኬ እንኳ፣ ለጢሙ ብለን የወሰድነው አቶ መልኬ፣ ዝም ማለት ነውር መስሎት ከአንድ ጀመረ። ከዚያ ጋሽ ይግረም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ› አሉ። አለቀ።»

«አለቀ?»

«አፋቸውን እንደከፈቱ ጎሬ ላይ ደርቀው ቀሩ። አቶ ዘርጋው ቀድሞ መነሣት ነውር ነው ብሎ አርባ ደቂቃ ሙሉ የጋሽ ይግረምን ጥርስ እያየ ተቀመጠ።»

ውዳላት ከንፈሯን ገጠመች። አልቻለችም፤ ሳቀች። ደብሪቱም እያለቀሰች አብራት ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባው ብቻ ቀረ።

«ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ፦ ‹ዓርብ። ሦስት ሰዓት። የመጨረሻ።› ይኸው ነው። ተቆጥቶ ይሁን ቆጥቦ በምን አውቃለሁ? የልጅቷ የጉዞ ዕጣ ወጥቷል። ቅዳሜ መድረሻዋን ታስመዘግባለች። ታጭታ ከሆነ ኮምቦልቻ ትላለች። ካልታጨች ዕጣው ያልፋታል፤ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ማን ይጠብቃል፣ ውዳላት?»

ውዳላት የሃያ ሰባትን መስኮት እንደገና በአውራ ጣቷ ወለወለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ደብሪቱ ቤት ልምምድ ተደረገ። ውዳላት ስለ እንስራው ታውቃለች ተብላ ተጠራች። ኪሩቤል ሰዓት ይዞ ቆመ፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከእሑድ ወዲህ የከሳ ይመስላል።

«ያለ ሰላምታ ብንጀምርስ?» አለ።

ጋሽ ይግረም በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ። «ያለ ሰላምታ? በሬ ልንገዛ ነው?»

«እሺ፣ አጠር አድርገን።»

«አጠር ይሁን፤ ማን ይጠላል።» ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጀመሩ። ኪሩቤል ሰዓቱን አየ። ሲጨርሱ ተቀመጡ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ጋሽ ይግረም።

«አሥራ አምስት ከሃያ።»

«አጠረ?»

«ረዘመ፣ ጋሼ። ሰላምታው ስላጠረ ይቅርታ ጠየቁበት።»

ሐጂ ሰዒድ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ግድግዳው ያስለመዳቸው ሳቅ ነው። «የእኔ ምርቃት ብቻዋን ዘጠኝ ደቂቃ ናት» አሉ። «ከእሷ ላይ ምን ይቀነሳል? ‹ዘራችሁ ይባረክ› ብዬ ‹ቤታችሁ ይሙላ›ን ልተወው? ግማሽ ምርቃት እርግማን ነው።»

ውዳላት እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አንድ ደንብ አለ» አለች። ሁሉም ዞሩ። «አንድ ሕንፃ በዓመት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ፖርቶቹን ሁሉ አስሮ እንደ አንድ ፖርት መጠቀም ይችላል። ደቦ ማለት ነው።»

«አርባ እንስራ በአንድ አፍ?» አለች ደብሪቱ።

«አዎ። ግን አርባውም መክፈት አለባቸው። አንድ ከጎደለ አይታሰርም።»

ይህን ከማለቷ በፊት ታውቀው ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው እንደተናገረው ሆኖ ተሰማት። ልምምዱን ለማየት የመጣው የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ጣቱን አጠፈ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ኪሩቤል ሰዓቱን ኪሱ ከተተ።

«ተዉዋት» አለች ደብሪቱ ቀስ ብላ። «ማንም ምንም እንዳይላት።»

ማንም ምንም አላላትም። ይህ ከሚሏት ይልቅ ከበዳት።

ሐጂ ሰዒድ የሚኖሩት ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ደረጃውን አብረው ወጡ፤ ሐጂ በየፎቁ ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ። ስለ ፖርቱ አላነሱባትም። ስለ ዳቦ ነው ያነሱት።

«ያ ጥጉ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት ትዝ ይልሻል፣ ልጄ? ልሳኑ መጨረሻ ይመጣል፤ የፊተኛውን ያስቃል፣ ቀጣዩን ያስቃል፤ እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንቃና እሱ ዳቦውን ይዞ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ። ትኩስ ዳቦ ነበር የሚያመጣልኝ።»

«አንድ ቀን ‹አንተ፣ ወረፋ አታውቅም?› አልኩት። ‹ሐጂ፣ ወረፋ መጠበቅ አልተፈጠረብኝም› አለኝ።» ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «አላህ ይዘንለት፤ እውነቱን ነው፤ አልተፈጠረበትም።»

ሐጂ ስለ ወረፋው የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም። ቤታቸው ደርሰው «አብሽሪ፣ ልጄ» ብለው ገቡ። ውዳላት ከበሩ ፊት ለፊት፣ እጇ የደረጃው መያዣ ላይ እንዳለ፣ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀሪውን አሥራ ስድስት ደረጃ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት የደቦው ቅጽ ላይ ካሉት አርባ መስመሮች ሃያ ሰባተኛው ላይ ፈረመች። ደብሪቱ ወረቀቱን አይታ እጇን ልትስም ጎንበስ ስትል ውዳላት እጇን ነጠቀች።

«ተይ እንጂ፤ አቻ ነን።»

«ምን ሆነሽ ፈረምሽ?»

«ደንቡ አርባ ይላል» አለች።

ዓርብ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ስዊቹ ክፍል ብቻዋን ነበረች። ሠላሳ ዘጠኙን አንድ በአንድ አሰረች። ከዚያ ሃያ ሰባትን ከፈተች። ወረፋ የያዘ ነገር ካለ ቀድሞ ይወጣል፤ የታሰረ ፖርትም ቢሆን ሕጉ አይለወጥም። መብራቱ ሲበራ ከሌሎቹ ደመቅ ያለ መሰላት፤ ስድስት ዓመት ሳይበራ ስለቆየ ይሆናል።

4፡11። 4፡10። 4፡09።

መድረሻው አሁን ታየ። አንድ ሰው አልነበረም። «ሕንፃ 14፤ ሁሉም ቤቶች» ይላል። ከራሱ ቤት ነውና የተላከው፣ ከሃያ ሰባት በቀር ሁሉም ማለት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ።

ስዊቹ ክፍል ግድግዳው ተራ ግድግዳ ነው፤ ምንም አይታይበትም፣ ምንም አይሰማበትም። ደብሪቱ ቤት ለመድረስ አርባ ስምንት ደረጃ ነው። ብትሮጥ ሦስት ደቂቃው ይቀርላት ነበር። አልተነሣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈችና፣ ሰው ሁሉ በዚህ ዘመን ፊቱን ለመላክ እንደሚቀመጠው፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ቆጠራው 3፡20 ላይ ሲደርስ አንድ ሳቅ ተሰማት። ከሁለተኛ ፎቅ ነው። ቀጥሎ ከሦስተኛ። ከዚያ ደረጃው ሁሉ ያዘ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከበር እስከ በር፣ ሰው በአንድ ቀልድ በአንድ ጊዜ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሕንፃው ውስጥ ከተሰማ ስድስት ዓመት ሆኖታል። 1፡30 ላይ ሁሉም ድንገት ዝም አሉ። አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ተሰማ። ወዲያው ግን የሐጂ ሰዒድ ሳቅ፣ ያ ድምፅ የማያውቀው ሳቃቸው፣ በድምፅ ወጥቶ ደረጃውን ሞላው፤ ሌላውም ተከተለ።

0፡00።

መስኮቷን ዳግም ሳታያት ተነሥታ ወጣች።

ደብሪቱ ቤት ስትገባ ክፍሉ ጢም ብሏል። ያያት ሁሉ ዓይኑን ሰበረ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ኪሩቤል ወንበሩን ለቀቀላትና ጆሮው ድረስ ቀላ። ማንም ምንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሦስት ሰዓት ሆነና ግድግዳው ላይ ጎሬ ታየ። አቶ ዘርጋው ከነጭ አንሶላ ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ጋሽ ይግረም ቆሙ። «ደህና ነዎት?» አሉ። ልጆቹን ጠየቁ፤ ዘመዱን ጠየቁ፤ ዝናቡን፣ አዝመራውን፣ አየሩን ጠየቁ። ከብቱን ሲጠይቁ ከጎሬ በኩል የሆነች ሴት ስትስቅ ተሰማ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። አቶ መልኬ ሁለት ጊዜ ሰላም አለ። እንስራው አልተነቃነቀም።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ይግረም፤ ቆም አሉ፤ ዙሪያውን አዩ፤ ምንም አልደረቀም። «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው።»

ወጉ የልጅቷ አባት «ዘመድ ላማክር፤ ጊዜ ስጡኝ» እንዲል ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይህን ጠበቁ። አቶ ዘርጋው አገጩን አሸት አደረገ።

«ላስብበት እል ነበር» አለ። «ግን አስቤበታለሁ። እሑድ አርባ ደቂቃ ሰጥታችሁኝ ነበር።» ፊቱ አልተለወጠም። «ምንም ያልጎደለበት ጥርስ ነው። ሰጥተናል።»

እልልታው ሲነሣ ውዳላት ከልማድ የተነሣ ምን ያህል እንደሚበላ ልትቆጥር ጀመረችና ተወችው። ሐጂ ሰዒድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ክፍሉ «አሚን» አለ፤ ጎሬም «አሚን» አለ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ተብሎ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገብታ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ሌሎቹም እየሮጡ ወደ የቤታቸው ሄደው ተመለሱ። በግድግዳው ፊት አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ሰማያዊ ጥለት ተሽከረከረ፤ ትከሻ ወረደ፤ እስክስታ ተመታ። ጎሬ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ሶልያና ከአባቷ ጀርባ ብቅ ብላ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ሰዓቱ ሲሞላ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ የውዳላት በር ተንኳኳ። በር ማንኳኳት የቀረ ነገር ስለነበር መጀመሪያ ቧንቧው መሰላት። ስትከፍት ደረጃው ከላይ እስከ ታች ሰው ነው። ሁሉም ጥለት ለብሰዋል። ሁሉም እጃቸው ላይ የሆነ ነገር አለ፦ ድስት፣ ወንበር፣ ሙዝ፣ ትራስ። አቶ መልኬ ገመድ ይዟል፤ ከገመዱ ጫፍ አንድ በግ ደረጃውን እየረገመ ይወጣል።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?»

ደብሪቱ ሐጂ ሰዒድን አየች። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስድስት ዓመት ዘግይተናል፣ ልጄ። ይቅርታ። ጥሪው የደረሰን ትናንት ነው።»

«የምን ጥሪ?»

«የልሳኑ» አለች ደብሪቱ። «‹ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ቤታችን ኑ። ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ። ለውዳላት እንዳትነግሩ። ዞሬ እንዳልነግራችሁ ስዊቹ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሃያ አምስት ዓመት ችላኛለች፤ መጥታችሁ አብራችሁኝ አመስግኑልኝ› ነው ያለው። የቀረው ቀልድ ነው። ግማሹ በሐጂ ፊት አይደገምም።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ ሐጂ።

ውዳላት የበሩን እጀታ አልለቀቀችም። በጉ ጮኸ። ከወደ ታች አንድ ሰው «ግቡ እንጂ፣ ድስቱ እጄን አቃጠለኝ!» ብሎ ተጣራ።

«ላሰማሽ?» አለች ደብሪቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «እኔ ቤት አለ። ሁላችንም ቤት አለ።»

«ቆይ» አለች ውዳላት። «መጀመሪያ ሰው ይቀመጥ።» በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሰማያዊው ጥለት ከላይ ትንሽ ወይቧል፤ እሱን ለብሳ ወጣች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቤቷ ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ ለመስማት አይቻልም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። ፊቷን ታጠበች፤ ከቅዳሜ የተረፈ ብዙ ዳቦ ነበር። ደረጃውን ወረደች። አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅቷ «በጣም፣ በጣም፣ በጣም ናፍቀሽኛል» ትላለች፤ እናትየዋ አላቋረጠቻትም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደብሪቱ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ አንድ የምታውቀው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ይስቃል። ቆም ብላ ሰማች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ወረደች።

ክፍሉን ከፈተች፣ አቧራውን ጠረገች፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ አየች። አርባውም በርተዋል። የሃያ ሰባትን መስኮት ከልማዷ በአውራ ጣቷ ወለወለች። «ወረፋ፦ 0» ትላለች።

የልሳኑ ድምፅ አሁን በሠላሳ ዘጠኝ ቤት አለ። በሃያ ሰባት ቁጥር የለም።